በቀጨኔ አሮጌ ሰፈር መሀል ያለ አዲስ ቤት፦ ልግዛው ወይስ ልተወው?

ጠያቂው (ግንቦት 2017 ዓ.ም.)

ጤና ይስጥልኝ። ከባለቤቴ ጋር ስንመክርበት ሁለት ወር ያለፈውን የቤት ግዢ ጉዳይ፣ ከእኛ የተሻለ የሚያውቁ ሰዎች እንዲያዩልን ወደዚህ አምጥቼዋለሁ።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ፤ ባለቤቴ ስምንት ዓመት ዱባይ ሠርታ ተመልሳ አሁን የአገር ልብስ ትሰፋለች። የምንኖረው ጀሞ፣ በተከራየነው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በ2016 ዓ.ም. በወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ መሠረት ያስመዘገብነው የሁለት ዓመት ውል ሊያበቃ አንድ ዓመት ግድም ስለቀረው፣ እስከዚያው የራሳችን ጣሪያ ሥር ለመግባት ቆርጠናል። በእጃችን ያለው የእርሷ የስደት ጥሪት፣ ከአባቴ ውርስ የደረሰኝ ድርሻና አንድ የእቁብ ዕጣ ነው። ከባንክ ብንበደር እንኳ ከዋጋው ሩብ በላይ መበደር አንደፍርም።

ያገኘነው ቤት ከቀጨኔ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን አለፍ ብሎ፣ መሬቱ ወደ እንጦጦ ግርጌ ዳገት መያዝ በሚጀምርበት በኩል ነው። ቦታው 98 ካሬ ሲሆን፣ ቤቱ በ2011 ዓ.ም. በብሎኬት የተሠራ ነው፤ ሳሎን፣ ሁለት መኝታ ክፍል፣ ወጥ ቤትና መታጠቢያ አለው፤ ከጓሮም አንዲት ሰርቪስ ክፍል አለች። መስኮቶቹ የላሜራ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ቺፑድ ነው። ቅንጦት የለበትም፤ ሆኖም ንጹሕ ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ሳሎኑ ድረስ ይገባል። ዙሪያውን ያሉት ግን ከሞላ ጎደል የጭቃ ቤቶች ናቸው፤ አብዛኞቹም በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ከተወረሰ ወዲህ ብዙም ያልተነኩ የሚመስሉ የቀበሌ ቤቶች ናቸው። ከመኪና መንገዱ እስከ በሩ ድረስ ኮብልስቶን የተነጠፈባት፣ ባጃጅ እንኳ የማታስገባ ጠባብ መተላለፊያ አለች፤ በእርምጃ ስቆጥር 80 ሆነችልኝ።

ዋጋውን ገና እየተከራከርንበት ስለሆነ አልጽፈውም። በዚሁ ገንዘብ ግን በጀሞ ወይም በአያት በኩል ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም፣ ወይም ከከተማው ዳር ሰፋ ባለ ቦታ ላይ ያለ ጅምር ቤት እናገኛለን። ባለቤቴ ቀጨኔን ወዳዋለች፤ ደረጃ መውጣት ሰልችቷታል፤ የሽሮ ሜዳ የሸማ ገበያ መቅረቡም ለሥራዋ ይመቻታል። እኔ እንቅልፍ ያጣሁት በሌላ ነው። ከፒያሳና ከካዛንችስ በኋላ፣ አሮጌ ሰፈር ነገ ለልማት ቢፈለግ ምን እንደምንሆን ማሰብ አልተውኩም። ከዋናው መኝታ ክፍል መስኮት ጥግ ተነሥቶ ወደ ኮርኒሱ በሰያፍ ሽቅብ የሚወጣ ስንጥቅ አይቻለሁ፤ ሻጩ «የልስን ነው» ብሎኛል፤ እኔ ልስኑን ከግድግዳው መለየት አልችልም። ካርታው ላይ የሰፈረው የቤት ስፋት 41 ካሬ ሲሆን ቤቱ በእኔ ሜትር ከ60 ይበልጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሻጩ፣ ለስም ማዛወሪያ የሚወጣውን ወጪ ለማዳን «ለጊዜው በውክልና እንጨርስ» እያለ ነው።

ደላላው ከሁለታችንም ሁለት ሁለት በመቶ ስለሚቀበል ምክሩን እንደ ምክር አልቆጠርኩትም። በእኔ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

የሳይት መሐንዲስ

ጤና ይስጥልኝ መምህር። ሙያዬ ግንባታ ስለሆነ ስለ ቤቱ ብቻ እናገራለሁ፤ ካርታውን ለሚያውቁት እተዋለሁ፤ የውክልናውን ነገር ሳነብ ግን ፀጉሬ መቆሙን ሳልናገር አላልፍም።

በመጀመሪያ ለዚህ ቤት ልመስክርለት። ሰው ቀለሙ ያልደረቀ ቤት ሲያይ ይደሰታል፤ እኔ ግን ስድስት ክረምት የወረደበትን ቤት እመርጣለሁ፤ መሠረቱ የሚወርድ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የሚወርደው በእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት ስለሆነ፣ ጉዳቱ ዛሬ በዓይን ይታያል። አፈሩም ቢሆን፣ በእንጦጦ ግርጌ ብዙ ቦታ ቀይ አፈርና ዐለት ስለሚገኝ፣ ክረምት አብጦ በጋ ከሚሰነጠቀው ከአቃቂና ከቦሌ ጥቁር አፈር ይልቅ ለትንሽ ቤት ይራራል። እዚያ አካባቢ የሚያሳስበኝ የአፈሩ ዓይነት ሳይሆን ተዳፋቱ ነው። ዳገት ላይ 98 ካሬ ለማስተካከል ሲባል ከላይ በኩል ይቆረጣል፤ የተቆረጠው አፈር ወደ ታች በኩል ይሞላል፤ ሙሌቱ በደንብ ካልተጠቀጠቀ ወይም መሠረቱ ሙሌቱን አልፎ ጠንካራውን መሬት ካልረገጠ፣ ቤቱ አንድ እግሩ ድንጋይ ላይ፣ ሌላው እግሩ ትራስ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ስንጥቁ ያለበት ክፍል ከላይ በኩል ነው ወይስ ከታች በኩል? መጀመሪያ ይህን ይዩልኝ።

ልስኑን ከግድግዳው ለመለየት ብዙ ጥበብ አይጠይቅም። ስንጥቁ በውስጥ ባለበት ልክ ከውጭም ትክክል ፊት ለፊቱ ካለ የግድግዳ ነው። በሳንቲም ዙሪያውን መታ መታ ያድርጉት፤ ባዶ ቆርቆሮ የተመታ ዓይነት ድምፅ ከሰጠ ልስኑ ከብሎኬቱ ለቅቋል ማለት ነው፤ ይህ በጥቂት ወጪ ይታረማል። የኤቲኤም ካርድ ጠርዝ የማያስገባና ከላይ እስከ ታች እኩል የሆነ ስንጥቅ ብዙም አያስፈራም፤ ብዙ ጊዜ ከመስኮቱ በላይ ያለው አርክትራቭ (ግድግዳውን የሚሸከም አግዳሚ) በሁለቱም በኩል በበቂ ሁኔታ ግድግዳው ውስጥ ስላልገባ የሚመጣ ነው። ወደ ላይ በሄደ ቁጥር እየሰፋ ከሆነ ግን ጥጉ እየወረደ ሊሆን ስለሚችል ያኔ ባለሙያ ይዘው ይሂዱ። እስከዚያው የስንጥቁን ሁለት ጫፎች በእርሳስ ምልክት አድርገው ቀኑን ይጻፉበት፤ መሀሉ ላይ ደግሞ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ጂብሰም ይለጥፉ። ክረምቱ ሲወጣ ጂብሰሙ ከተሰነጠቀ ቤቱ አሁንም እየተንቀሳቀሰ ነው። ሻጩ ይህን እንዲያደርጉ ካልፈቀደልዎት ያም ራሱ መልስ ነው። አዲስ ቀለም ወይም አዲስ ጂብሰም የተቀባ አንድ ግድግዳ ብቻ ካዩ ደግሞ፣ ሌሎቹ ለምን እንዳልተቀቡ ይጠይቁ።

የእጅ ባትሪ ይዘው በኮርኒሱ መውጫ ወደ ጣሪያው ይመልከቱ። በእንዲህ ያሉ ቤቶች ብዙ ጊዜ ኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ) አይገኝም፤ ብሎኬቱ ራሱ ጣሪያውን ይሸከማል። ለአንድ ፎቅ አልባ ትንሽ ቤት ይህ በራሱ ጥፋት ባይሆንም፣ ግድግዳዎቹን ዙሪያውን የሚያስር ቶፕ ታይ ቢም መኖሩን በዓይንዎ ማረጋገጥ አለብዎት። ዘንድሮ በጥቅምትና በጥር መካከል ከፈንታሌ በኩል የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማን፣ ይህ ቀበቶ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ብዙ ሰው የተረዳ ይመስለኛል። እግረ መንገድዎን የጣሪያው ባሕር ዛፍ መነቀዙንና በቆርቆሮው ምስማር ቀዳዳ የውሃ ጠብታ ምልክት መኖሩን ይዩ። ኮለን ከሌለው አንድ ፎቅ ልጨምርበት የሚለውን ሐሳብ ደግሞ ከአሁኑ ያውጡት።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። 80 እርምጃ ካሉ 60 ሜትር ገደማ ነው። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ሲሞላ የመጣጩ መኪና ቱቦ እዚያ ድረስ ይደርሳል? ጎረቤቶች ጉድጓዳቸውን በምን እንደሚያስመጥጡ ይጠይቁ። ቤት ገዢ ስለ ሴራሚኩ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል፤ ይህን የሚጠይቅ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ከዳገቱ በላይ

እኔ ከእርስዎ ሰፈር ብዙም በማይርቅ የጉለሌ መንደር ውስጥ፣ እርስዎ የገለጹትን ዓይነት ቤት ገዝቼ አሥር ዓመት ኖሬበታለሁ፤ ስለዚህ የምነግርዎ ከሰው የሰማሁትን አይደለም።

ስንገባ ፍሪጁን የተሸከሙልን የሰፈሩ ልጆች ናቸው፤ አልጋውና ቁም ሳጥኑም በሰው ትከሻ ነው የገቡት። አዛውንት እናቴ ሌሊት ሲታመሙ አምቡላንሱ መንገድ ላይ ቆሞ እርሳቸውን በብርድ ልብስ አቅፈን ነው የወረድነው። መተላለፊያዋ ጠባብ ናት ሲሉ እንግዲህ ይህን ሁሉ ያስቡ። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ያውም ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይመጣል፤ ዳገት ላይ ስለሆንን ግፊቱ ደካማ ነው፤ በዚህ ምክንያት ከታች አንድ ሮቶ፣ ከላይ አንድ ሮቶና ውሃ መሳቢያ ሞተር ገዝተናል። ሻጩ «ውሃ አለ» ሲልዎ በየስንት ቀኑና በስንት ሰዓት እንደሆነ ይጠይቁት፤ ከዚያም መልሱን ከእርሱ ሳይሆን ከጎረቤት ሴቶች ያረጋግጡ።

አሁን ደግሞ ማንም ያልነገረኝንና ብዙ ጭቅጭቅ ያስከተለብኝን ጉዳይ ልንገርዎት። የእኛ ቤት አዲስ ሲሠራ ወለሉ ከፍ ተደርጎ፣ ጣሪያው ደግሞ ወደ ጎረቤት እንዲያዘነብል ተደርጎ ነበር። ጎረቤታችን ሸክላ እየሠሩ ልጆቻቸውን ያሳደጉ እናት ናቸው፤ ቤታቸው የጭቃ ነው። በመጀመሪያው ሐምሌ ከእኛ ቆርቆሮ የሚወርደው ውሃ በቀጥታ የእርሳቸውን ግድግዳ ሲገርፈው ከረመ፤ በነሐሴ አንድ ቀን ማለዳ ጭቃው ተልጦ ጭራሮው ወጣ። እኛ ባልሠራነው ጣሪያ ባለ ዕዳ ሆንን። አሸንዳ አስገጥመን፣ ውሃውን በቱቦ ወደ ቦዩ አውርደን፣ ግድግዳቸውን በጭድና በጭቃ አስመርገን፣ ከዚያ በኋላ ነው ቡና የተጣጣነው። አዲሱ ቤት ለአሮጌዎቹ ጎረቤቶቹ ምን እያደረገ እንደሆነ ሳያዩ አይግዙ። የሚጣላዎት ጎረቤት ከኖረ ጣሪያው ነው የሚያጣላዎት።

ከዚህ ውጪ ግን አልጸጸትም። እድር ስገባ መግቢያውን በሁለት ጊዜ እንድከፍል ፈቅደውልኛል፤ ልጆቼ በእግራቸው ተማሪ ቤት ይሄዳሉ፤ ፒያሳ በአንድ ታክሲ እደርሳለሁ። ቤቴን ቆልፌ ክፍለ አገር ስሄድ ቁልፉን የማስቀምጠው እኒያው ሸክላ ሠሪ እናት ዘንድ ነው። ባለቤትዎ የልብስ ስፌት ሠራተኛ ከሆነች ደግሞ ቀጨኔ ውስጥ ከሸማኔው እጅ በቀጥታ ለመግዛት የሚያስችል ዝምድና በአንድ ዓመት ውስጥ ታበጃለች፤ ይህን በብር መተመን ያስቸግራል።

አራተኛ ፎቅ

ኮንዶሚኒየም ይግዙ። ደረጃው ቢያደክምም መኪና በር ድረስ ይመጣል፤ ካርታው የታወቀ ነው፤ መሸጥ ሲፈልጉም ገዢው ብዙ ነው። ሻጩ ቤቱ በዕጣ ከደረሰው የተከለከለው የአምስት ዓመት ጊዜ ማለፉን ብቻ ያረጋግጡ።

ውል አርቃቂ

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን እንደ እኔ ይህ ግዢ የሚሳካውም የሚበላሸውም በግድግዳው ሳይሆን በወረቀቱ ነው። ጠያቂው በጨረፍታ ከጠቀሷት ከ41 ካሬዋ ልጀምር።

ካርታው 41 ካሬ ቤት ሲያሳይ መሬት ላይ ያለው ከ60 በላይ ከሆነ፣ ካርታው የሚያውቀው የቀድሞውን የጭቃ ቤት ነው ማለት ይቻላል። ባለቤቱ የጭቃውን አፍርሶ ብሎኬቱን ሲሠራ የግንባታ ፈቃድ አውጥቷል? አውጥቶ ከሆነ የጸደቀው ፕላንና የመጠቀሚያ ፈቃዱ የት አለ? በአሮጌ ሰፈሮች ብዙ ሰው «የጥገና ፈቃድ» አውጥቶ በጥገና ስም አዲስ ቤት ይሠራል። ቤቱ ለዓይን አዲስ ነው፤ በመዝገብ ላይ ግን የለም። ይህ ክፍተት ሦስት ቦታ ላይ ይይዝዎታል። ባንኩ ግምት ሊያወጣ መሐንዲስ ሲልክ ካርታውና ቤቱ ስላልተመሳሰሉ ብድሩን ሊከለክልዎት ይችላል፤ ስም ሲዛወር የወረዳው ባለሙያ ለልኬት ሲመጣ ጉዳዩ ይነሣል፤ አንድ ቀን ቦታው ለልማት ቢፈለግ ደግሞ ያለ ፈቃድ ለተሠራው ክፍል ካሳ ይገባል አይገባም የሚለው ክርክር የእርስዎ ይሆናል። ስለዚህ ማስተካከያው ከሽያጩ በፊት፣ በሻጩ ስምና በሻጩ ወጪ ይሠራ። ከገዙ በኋላ «እናስተካክላለን» የሚለው ቃል ብዙ ሰው አስለቅሷል።

ውክልናውን በተመለከተ በአጭሩ፦ እምቢ ይበሉ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መደረግና መመዝገብ እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 ይደነግጋል። ውክልና ሽያጭ አይደለም። ወካዩ በማንኛውም ጊዜ ሊሽረው ይችላል፤ ወካዩ ከሞተ ደግሞ ውክልናው አብሮት ይሞታል፤ ያን ጊዜ እርስዎ በእጅዎ ያለዎት ገንዘብ የከፈሉበት ቤት ሳይሆን፣ ከማያውቋቸው ወራሾች ጋር የሚጀምሩት ክርክር ነው። የቴምብር ቀረጡ ሁለት በመቶ ነው፤ በእርግጥ ሌሎች የስም ማዛወሪያ ክፍያዎች ይጨመሩበታል፤ ሁሉም ተደምሮ ግን ከአንድ የፍርድ ቤት ዓመት ይረክሳል። ሻጩ ውክልናውን የሚገፋው ወጪ ለመቀነስ ብቻ ላይሆን ይችላልና ይህን በትሕትና ይጠይቁት፦ ካርታው በማን ስም ነው? ቤቱ ከወላጅ የመጣ ከሆነ የወራሽነት ማስረጃውና የውርስ ክፍፍሉ አልቋል? ባለትዳር ከሆነስ ሚስቱ ተስማምታለች? በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ቁጥር 68 መሠረት የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት አንዱ ተጋቢ ብቻውን መሸጥ አይችልም፤ ስለዚህ ውሉ ላይ የሁለቱም ፊርማ ያስፈልጋል።

ሌላው የይዞታው ዓይነት ነው። ሰፈሩ አሮጌ ስለሆነ ካርታው የነባር ይዞታ፣ ማለትም በሊዝ ያልተያዘ የቀድሞ ይዞታ፣ ሊሆን ይችላል። የሊዝ አዋጁ ቁጥር 721/2004፣ ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ አዲሱ ባለይዞታ በሊዝ ሥሪት እንደሚይዘው ይናገራል። ይህ የሚያስፈራ አይደለም፤ የመኖሪያ ቤት የሊዝ ዘመን እስከ 99 ዓመት ይደርሳል፤ ነገር ግን ሻጩ እስከ ዛሬ ሲከፍል የኖረውን የቦታ ግብር አይተው «ርካሽ ነው» ካሉ ሒሳቡን ተሳስተዋል። የሚመጣብዎትን የሊዝ ክፍያ መጠን ከክፍለ ከተማው መሬት ጽሕፈት ቤት ጠይቀው ወጪዎ ላይ ይደምሩት። እዚያው ሳሉ ማኅደሩ እንዲታይልዎ፣ ዕዳና እገዳ አለመኖሩ በጽሑፍ እንዲገለጽልዎ፣ የካዳስተር (የመሬት ይዞታ ልኬት) ምዝገባውም መጠናቀቅ አለመጠናቀቁ እንዲነገርዎ ያመልክቱ። በፕላኑ ላይ መንገድ ወይም የወንዝ ዳርቻ ቦታውን የሚነካ ከሆነ የሚታወቀው በዚህ ነው።

ቀብድ ከከፈሉ ደግሞ ወረቀቱ ላይ «ቀብድ» ተብሎ ይጻፍ። ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፍ ይመልሳል። ክፍተቶቹ እስኪስተካከሉ ድረስ ከዚህ በላይ አንድ ብር እንኳ አይስጡ።

ከካዛንችስ የተነሣ

እኔ የምጽፈው ለማስፈራራት አይደለም፤ ነገር ግን ጠያቂው የፈሩትን ነገር ከላይ ያሉት ሁሉ በጎን አልፈውታል።

ሕገ መንግሥቱ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል፤ አዋጅ ቁጥር 1161/2011ም ካሳ የሚያሰላው በመሬቱ ላይ ላለው ንብረት ነው። ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ትርጉሙ የሚገባን ግን ከገመቱልን በኋላ ነው። እርስዎ ዛሬ ቀጨኔ ላይ የሚከፍሉት ዋጋ ለብሎኬቱ አይደለም። አብዛኛው የሚከፈለው ለቦታው፣ ለታክሲው፣ ለፒያሳ ቅርበት፣ ባለቤትዎ ለምትወደው ለሽሮ ሜዳ ገበያ ነው። ለልማት ሲነሡ የሚገመተው ግን ብሎኬቱ፣ ቆርቆሮውና ሴራሚኩ ነው፤ ምትክ ቦታም ሲሰጥ ሩቅ ይሆናል። የእኛ ሰፈር ሲነሣ ከፊሉ ጎረቤታችን ገላን ጉራ ገባ፤ እድራችን በአንድ ሳምንት ተበተነ። በሰፈሩ የኖረ የቀበሌ ቤት ተከራይ ምትክ ቤት ሲያገኝ የሚጠፋበት ገንዘብ የለም፤ የአባቱን ይዞታ የያዘውም ሲጀመር የገዛው አይደለም። ከሁሉ የሚጎዳው ትናንት በገበያ ዋጋ የገዛው ሰው ነው፤ እርስዎ ደግሞ ያ ሰው ሊሆኑ ነው።

የኮሪደር ልማቱ በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ ሲጀምር በዋና መንገዶች ዳር ነበር፤ ከዚያ ወደ ሰፈር ውስጥ ዘልቋል። ቀጨኔ ነገ ይነካል አይነካም ብዬ አልተነብይም። እኔ ግን ቢሆን በብድር ይህን ቤት አልገዛም፤ ቤቱ ተነሥቶ ብድሩ የሚቀር ከሆነ የሚያሳዝን ነገር ነው። ያለ ብድር ከገዙት፣ ዋጋውም ከኮንዶሚኒየሙ በግልጽ የሚያንስ ከሆነ፣ አሥር ዓመት ከኖሩበት ኪራዩን አትርፈዋል። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ግን ለምን ይህን ስጋት በነጻ ይሸከሙለታል? ሻጩን ዋጋውን እንዲቀንስ የሚያስገድዱበት ምክንያት ይህ ነው እንጂ ስንጥቁ አይደለም።

የሳይት መሐንዲስ

ከካዛንችስ የተነሡት ሰው በተናገሩት ላይ አንዲት ነገር ብቻ ልጨምር። ከብሎኬቱ ግምት ውስጥ የሚገባው በፈቃድ የተሠራው ከሆነ፣ ውል አርቃቂው ያነሡት የ41 ካሬ ነገርና የእርስዎ ስጋት አንድ ጉዳይ ናቸው። ካርታው ላይ ያልተጻፈ ክፍል ሲገዙ ዋጋ አይስጡት።

ጠያቂው (ነሐሴ 2017 ዓ.ም.)

ለሁላችሁም አመሰግናለሁ፤ የዘገየሁት ክረምቱን ስጠብቅ ነው።

ስንጥቁ ያለው ከላይ በኩል እንጂ ከሙሌቱ በኩል አይደለም፤ ካርድ አያስገባም፤ ከውጭም አይታይም። ሻጩ ጂብሰም እንድለጥፍ ፈቅዶልኝ ሰኔ 28 ቀን ጫፎቹን በእርሳስ ምልክት አድርጌ ቀኑን ጽፌበታለሁ፤ ትናንት ሳየው እንደነበረ ነው። ቶፕ ታይ ቢሙን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ኮለን የለውም። ሐምሌ ውስጥ በከባድ ዝናብ ሁለት ጊዜ ጃንጥላ ይዤ ሄድኩ። መተላለፊያዋ ለግማሽ ሰዓት ያህል ወንዝ ሆነች፤ ውሃው ግን ከበሩ አንድ ደረጃ በታች ነው ያለፈው። ከዳገቱ በላይ ያሉት እኅት የነገሩኝን ጣሪያ ስፈልግ፣ በእርግጥም የጓሮዋ ሰርቪስ ክፍል ቆርቆሮ ውሃውን በጎረቤት ግድግዳ ላይ ሲያፈስ አየሁት፤ ግድግዳው ላይ የላስቲክ ሸራ በምስማር ተመትቷል። በሩን አንኳኩቼ ስጠይቅ ጎረቤትየው «ሦስት ዓመት ነገርነው» አሉኝ። የጉድጓዱን መምጠጥ በተመለከተ ቱቦ አስረዝመው የሚመጡ አሉ፤ ዋጋው ከመደበኛው እጥፍ ግድም ነው።

ወረቀቱ ያን ያህል አልቀናም። በማኅደሩ ውስጥ የተገኘው የጥገና ፈቃድ ብቻ ነው፤ ልክ ውል አርቃቂው እንደጻፉት። ካርታው በሻጩ ስም ቢሆንም ከእናቱ የወረሰው በመሆኑ አንዲት እኅቱ ድርሻዋን ስለመውሰዷ የሚያሳይ ወረቀት አልተገኘም፤ እኅቱ ሪያድ ናት። ውክልናውን እምቢ ስል ሻጩ አኩርፎ ሁለት ሳምንት ስልክ አላነሣም፤ ከዚያ ራሱ ደወለ። አሁን የተስማማነው የእኅቱ ስምምነት በኤምባሲ ተረጋግጦ እስኪመጣ፣ ግንባታው በካርታው ላይ እስኪገባና አሸንዳው እስኪገጠም ድረስ ትንሽ ቀብድ ብቻ ይዞ እንዲቆይ ነው። ዋጋውንም ስለ ተጨማሪው 20 ካሬ አልከፍልም ብዬ ካስቀነስኩት በኋላ ብድር ሳያስፈልገን እንደምንገዛው አሰላን፤ የባለቤቴ የስፌት መኪና ብቻ ለጊዜው አሮጌው ሆኖ ይቆያል።

ከመስከረም በፊት ወረቀቶቹ ካልመጡ ቀብዱን አስመልሰን ወደ ኮንዶሚኒየሙ እንዞራለን። ባለቤቴ ግን ከወዲሁ እኒያን ጎረቤት ሄዳ ተዋውቃቸዋለች፤ በሸራው ፋንታ ጊዜያዊ ቱቦ ለማስገጠም የራሷን ገንዘብ መስጠቷን የሰማሁትም ከእርሳቸው ነው።